የሣህሊቱ እጅ እና የመንገዱ ጨው

ሣህሊቱን የማያውቅ ሰው ፌርፋክስ ላይ ካጋጠማችሁ ወይ ትናንት የመጣ ነው፣ ወይ ምግብ አይወድም። እኔ ወይንሸት እባላለሁ፤ እዚሁ መንገድ ላይ ቅመም፣ ሽሮና በርበሬ የምሸጥባት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ሣህሊቱ ዲቪ ደርሷት ከመጣችበት ጊዜ ጀምሮ ደንበኛዬም ጓደኛዬም ናት። ደንበኛ ስላችሁ ግን ገዝታ ዝም ብላ የምትሄድ እንዳትመስላችሁ። ኮረሪማውን አፍንጫዋ ሥር አድርጋ "ይሄ ከርሟል" ትላለች፤ በርበሬውን በጣቶቿ ፈትጋ ፊቷን ታጨማድዳለች፤ ሌላ ሰው ፊት ትከራከረኛለች፤ መጨረሻ ላይ ያንኑ ገዝታ ትሄዳለች። እንደ እሷ የሚያናድደኝ ሰው የለም፤ ሁለት ቀን ከቀረች ግን የምደውለው እኔው ነኝ።

ሥራዋ አረጋውያንን መንከባከብ ነው። አጠር ያለች፣ ፈጣን፣ በሎስ አንጀለስ ሙቀት እንኳ ሹራቧን የማታወልቅ ሴት ናት። ሽማግሌዎቿን ታጥባለች፣ ታበጥራለች፣ ታስቃለች፣ ሲያስፈልግም ትቆጣለች። ኩራቷ ግን ሌላ ነው። ሣህሊቱ ወጥ ስትሠራ አትቀምስም። እናቷ "ወጥ የሚቀምስ ባለሙያ እጁን አያምንም" የሚሉ ሴት ነበሩና ልጃቸውን ጨዉንም ቅመሙንም በአፍንጫዋ እንድታውቅ አድርገው አሳደጓት። በጾም ወራት ደግሞ ልማዱ ሕግ ይሆናል፤ ለታመመ ሰው የፍስክ ምግብ ስትሠራ ማንኪያው ወደ አፏ አይጠጋም። በዚህ ጉዳይ ስንት ጊዜ ተጨቃጭቀናል። እኔ የምቀምስ ነኝ፤ አንዳንዴ ቀምሼ ቀምሼ ለእንግዳው የሚተርፈው ጥቂት ነው።

አምና መስቀል ካለፈ በኋላ ጋሼ አምደሚካኤልን እንድትንከባከብ ተቀጠረች። ጋሼ በወጣትነታቸው ለትምህርት ከአዲስ አበባ የመጡ፣ ኋላም እዚህ ሰፈር የጉዞ ወኪል ቢሮ ከፍተው ግማሻችንን ትኬት የቆረጡልን ሰው ናቸው። አሁን ጡረታ ላይ ናቸው፤ የሚኖሩት ሚራክል ማይል አካባቢ ነው፣ ለእኛ ቅርብ ነው። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ሆኑ። በዚያ ላይ ልብዎ ደክሟል ብሎ ሐኪሙ ጨው ሲከለክላቸው ማዕድ የሚባል ነገር አስጠላቸው። ሱሪያቸው ከወገባቸው እስኪወርድ ድረስ ከሱ። አንዲት ልጃቸው ልዕልት ዌስትውድ ባለው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ትሠራለች፤ ጨው የሌለበት ምግብ በሣጥን እያስመጣች ፍሪጃቸውን ሞላችው። ጋሼ ሣጥኑን አይተው ምግቡን ልብላ ወይስ ካርቶኑን፣ ልዩነት የለውም ይሉ ነበር።

ሣህሊቱ የምታውቀውን ሁሉ ሞከረች። ሎሚ ጨመቀች፣ ነጭ ሽንኩርት አበዛች፣ በሶብላ ነሰነሰች፣ ከእኔ ሱቅ ኮረሪማ ጨረሰች። ጋሼ ትንሽ ይቀምሱና ሳህኑን ገፋ ያደርጉታል። ተማጽና አልሆነም፣ ተቆጥታም አልሆነም። አንድ ቀን ሱቄ መጥታ በርበሬውን ሳትነካ ወንበር ላይ ቁጭ ስትል አንድ ነገር እንደሆነች ገባኝ።

"ወይንሸት፣ እኚህ ሰውዬ በረሃብ ሊሞቱብኝ ነው" አለችና አለቀሰች። ያን ያህል ዘመን ስንተዋወቅ ስታለቅስ አይቻት አላውቅም፤ እኔም ሱቁን ዘግቼ አብሬያት አለቀስኩ።

የገና ጾም ከገባ በኋላ ጋሼ አዲስ ሰበብ አመጡ። የቧንቧው ውሃ መዋኛ ገንዳ ይሸታል አሉ። ለዚህ እንኳ ሣህሊቱ መልስ ነበራት። ባሏ ይልቃል ከኤርፖርት ሰው የሚያመላልስ ሾፌር ነው፤ ከዓመታት በፊት ከአንድ ተሳፋሪው ላይ ተራራው ውስጥ ያለች አሮጌ የእንጨት ቤት ገዝቷል። ከእኛ ሰፈር ሁለት ሰዓት ያህል ወደ ላይ ተነድቶ የሚደረስባት፣ ክረምት በረዶ የሚጥልባት፣ የራሷ የጉድጓድ ውሃ ያላት ቤት ናት። በሙቀቱ ጊዜ ሁላችንም እየሄድን ያን ውሃ ጠጥተናል፤ እውነትም ጥርት ያለ፣ ጥርስ የሚያደነዝዝ ውሃ ነበር። በበረዶው ወራት የሚወጣው ግን ጣሪያውን የሚጠርገው ይልቃል ብቻ ነው። ሣህሊቱ ጀሪካን አስይዛ ላከችው። እሱ ከለስላሳ በቀር ሌላ ነገር የማይጠጣ ሰው ስለሆነ ውሃውን ሳይቀምስ ይቀዳል፣ ይጭናል፣ ጋሼ ወጥ ቤት ያራግፋል። ውሃው ለጋሼ ሻይና ለጋሼ ሾርባ ብቻ ነበር፤ ባልና ሚስቱ እቤታቸው የሚጠጡት የከተማውን ነው።

ከዚያ ተአምር ሆነ። ጋሼ መብላት ጀመሩ። መጀመሪያ ሾርባውን ግማሽ ጠጡ፣ ከዚያ ጨረሱት፣ ገና ሲደርስ "ትንሽ ጨምሪልኝ" አሉ። ሣህሊቱን አስቀምጠውም "ልጄ፣ እጅሽ ጣፈጠኝ" ብለው መረቋት። በእኛ ዘንድ ለባለሙያ ሴት ከዚህ በላይ ምን ይባላል? ቅመሙ ሌላ ነው፣ እሳቱ ሌላ ነው፣ ጣዕሙ ግን የእጅ ነው ብለን ነው ያደግነው። ሣህሊቱ በፌርፋክስ ላይ ስትሄድ መሬት የምትረግጥ አትመስልም ነበር። ጋሼ ለጓደኞቻቸው አወሩ፣ ጓደኞቻቸው ለሚስቶቻቸው አወሩ፣ ደም ግፊት ያለበት ሰው ያለበት ቤት ሁሉ ምሥጢሩን ሊጠይቃት መጣ። እሷም ሽንኩርቱን ሳይቸኩሉ ማቁላላትና ኮረሪማውን መጨረሻ ላይ ጣል ማድረግ ነው እያለች ታስተምር ጀመር። የእኔ ኮረሪማ በአንድ ወር አለቀ፤ ስለዚህ እኔም ምሥጢሩን አልተጠራጠርኩም።

ዐቢይ ጾም ሲጋመስ የጋሼ እግር አበጠ። ጫማቸው አልገባ አለ፣ ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ ያጥራቸው ጀመር፣ ግፊታቸውም ተሰቀለ። ሐኪሙ መድኃኒቱን ጨምሮ ልዕልትን ወደ ጎን ጠራትና አባትሽ ጨው እየበሉ ነው አላት። ልዕልት በዚያው ዕለት መጥታ ወጥ ቤቱን በረበረችው። ቁምሳጥን ከፈተች፣ የቅመም ብልቃጥ አሸተተች፣ ጨው የሚባል ነገር አጣች። በመጨረሻ ሣህሊቱ ፊት ቆመች።

"ሣሂ፣ ዶክተሩ ሹር ነው። ሶ እውነቱን ንገሪኝ፤ ትጨምሪበታለሽ?"

"ማርያምን፣ ቅንጣት ታህል አልጨመርኩም። ጾም ላይ ነኝ፣ አልዋሽሽም።"

ጋሼ ከሶፋቸው ላይ ሆነው፣ እኔ ምስክር ነኝ፣ ይህች ልጅ በምግቤ ላይ ጨው ነክታ አታውቅም አሉ። ሣህሊቱ ኋላ ስትነግረኝ፣ ይህን ሲሉ ዓይናቸው ምንጣፉ ላይ ነበር፤ ያን ጊዜ ነገሩ አልገባትም። ልዕልት ክፉ ልጅ አይደለችም። አባቷ ብቻ ናቸው የቀሯት፣ ፈርታለች። ፍርሃቷ ግን ወደ ንዴት ዞረና ከፋሲካ በኋላ ሌላ ሰው እንደምትፈልግ ተናገረች። እኔ ብሆን ማማሰያውን ወርውሬ በዚያው እወጣ ነበር። ሣህሊቱ ግን እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ብላ ሾርባዋን ማማሰል ቀጠለች። ወደ እኔ ስትመጣ ግን ፊቷ ጠቁሮ ነበር። የሚያስጨንቃት ከሥራ መባረሩ አልነበረም፤ እሷ ከሄደች ጋሼ ሌላ ሰው የሠራውን እንደማይበሉ ታውቃለች፤ እሷ ከቆየች ደግሞ በማታውቀው ምክንያት እጇ እየገደላቸው ነው።

የፋሲካ ዕለት ጠዋት ልዕልት ሳትመጣ በፊት ለጋሼ የዶሮ ሾርባቸውን ልትሠራ ሄደች። ጾሙ ተፈቷል። ምድጃው አጠገብ ቆማ ሳለ ድንገት ዛሬ መቅመስ እንደምትችል ትዝ አላት። በሕይወቷ ሙሉ ያላደረገችውን አደረገች፤ ማንኪያ አነሳችና ቀመሰች። ወዲያው ስልኬ ጮኸ።

"ወይንሸት፣ ነይና ቅመሽልኝ። ወይ ጾሙ አፌን አበላሽቶታል፣ ወይ እኔ አብጃለሁ።"

ነጠላዬን እንደለበስኩ ሄድኩ። ቀመስኩት። ጨው አለው፤ ደስ የሚል፣ ልክ የሆነ፣ እኔ ራሴ ብሠራው የምጨምረውን ያህል ጨው። ቅመሙን እያንዳንዱን ምላሳችን ላይ ጣል አደረግነው፣ ምንም የለበትም። ጥፋቱን በዶሮው ላይ ጣልኩ፤ የአሜሪካ ዶሮ ጨው ውሃ ይወጋል ሲባል ሰምቻለሁ። ሣህሊቱ ግን ዶሮውን ከነሕይወቱ ገዝታ ዓይኗ እያየ ነው ያሳረደችው። ከዚያ ጀሪካኑን አየችው። በብርጭቆ ቀዳች፣ ጠጣች፣ ብርጭቆውን ሰጠችኝ። ያ በሙቀቱ ጊዜ የጠጣነው ጥርት ያለ ውሃ እንባ እንባ ይላል።

በማግስቱ ሦስታችን የይልቃል መኪና ውስጥ ገብተን ወደ ተራራው ወጣን። በረዶው ከመንገዱ ላይ ጠፍቶ ጥላ ሥር ብቻ ቀርቷል። በመንገዱ ዳር የቆሙት ጥዶች ወደ አስፋልቱ በዞረው ጎናቸው በእሳት የተለበለቡ ይመስል ቡናማ ሆነዋል፤ ከኋላቸው ያሉት ለምለም ናቸው። መታጠፊያው ላይ ሁለት አጋዘኖች መሃል መንገድ ቆመው አስፋልቱን ይልሳሉ። ይልቃል ጥሩምባ ነፋ፣ አልሰሙትም። እኔ የገጠር ልጅ ነኝ፤ ከብት ጨዋማ ውሃ ሊጠጣ ሆራ ሲወርድ እንዴት እንደሚሆን አውቃለሁ፤ በዱላ ብትመታውም ከጨው ላይ አይነሳም። እዚህ ግን ሆራው በረዶ እንዲያቀልጥ ጨው የሚነሰነስበት፣ መኪና የሚበርበት መንገድ ነው፣ ስንቱ አጋዘን እንደሚገጭ ይልቃል ራሱ ነገረን።

ነገሩን ያወጣልን ሮን የሚባለው ሽማግሌ ጎረቤቱ ነው፤ ከይልቃል ቤት በታች ዕድሜውን ሙሉ የኖረ ነጭ ነው። የውሃውን ነገር ስንነግረው አልደነቀውም፤ የእሱም ጉድጓድ እንደዚያው ሆኗል። እጃችንን ይዞ የመራን ያህል ግቢውን አሳየን። በወጣትነቱ የተከላቸው የፖም ዛፎች ከአጥሩ ጀምሮ ደርቀዋል። አፈሩን በአካፋ ገልብጦ አሳየን፤ ደርቆ የተጋገረ ሆኗል። ዛፉ እርጥብ መሬት ላይ ቆሞ በውሃ ጥም ይሞታል አለን፤ ጨዉ ውሃውን ከሥሩ ላይ ይዞ ያስቀረዋልና። ከቤቱ ሥር ያለችው ጅረት በጸደይ በእንቁራሪት ጩኸት አላስተኛ ትለው ነበር፣ ሁለት ጸደይ ሆኗት ድምጿ ጠፍቷል። ሰው በረዶውን ሲያሟሟው ጨዉ አብሮ የጠፋ ይመስለዋል፣ ጨው ግን አይበሰብስም፣ አይተንም፣ ውሃው ወደ ሄደበት ይሄዳል አለ። ከዚያ ጣቱን ወደ ላይ ቀሰረ። ከቤቶቻችን በላይ፣ በረዶ ላይ ለመንሸራተት የሚመጣ ሰው መኪና የሚያቆምበት ሜዳ አለ። እዚያ ጥግ ላይ ሜዳውንም መንገዱንም ለማስጠረግ የተዋዋለ አንድ ድርጅት ያፈሰሰው ቤት የሚያህል የጨው ክምር ሸራ እንኳ ሳይለብስ ቆሟል። ዝናቡ ከላዩ፣ በረዶው ከላዩ፣ እኛ ከሥሩ።

ሣህሊቱ ወደ ባሏ ዞረች። ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት መኪናው ተንሸራታ ቦይ ውስጥ ከገባች በኋላ በሰፈሩ ስብሰባ ላይ "ጨው ይብዛልን" ብሎ ከሁሉ በላይ የጮኸው ይልቃል ነበር። ሮንም ይህን ያስታውሳል፣ ግን ጨዋ ሰው ስለሆነ ዛፎቹን ያያል። ይልቃል ኮፍያውን አውልቆ ራሱን አከከ። መቼም እኔም ብሆን በዚያ ገደል ዳር ስንሸራተት ጨው አይጨመር አልልም፤ የሰው ነፍስ ነው። ሣህሊቱም ይህን ታውቃለች። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ እቤታቸው ወጥ ጨው ሲበዛበት "ይልቃል ጠይቆ ነው" ትላለች።

የተራራውን ነገር አስቀድሜ ልጨርሰውና ወደ ጋሼ ልመለስ። ሐምሌ ላይ የሰፈሩ ሰዎች በእሳት አደጋ ጣቢያው አዳራሽ ሲሰበሰቡ ሮን ሣህሊቱን ጠራት። እንግሊዝኛዋ የሥራ እንግሊዝኛ ነው፤ ንግግር አልሞከረችም። ከጉድጓዷ አንድ ጀሪካን ውሃ አምጥታ በትንንሽ ኩባያ እየቀዳች ከፊት ረድፍ ጀምራ አደለች። የጠረጋውን ሥራ ለሚመራው ሰውዬም ደረሰው። አዳራሹ ሙሉ ሰው እኩል ፊቱን ሲያጨማድድ ያኔ ስብሰባው ተጀመረ። ተጨቃጨቁ፣ ተስማሙ። ክምሩ ከተዳፋቱ ላይ ተነስቶ መጠለያ ውስጥ ገባ፤ ለመጪው ክረምት ጨዉን እየለኩ፣ ከአሸዋ እየቀላቀሉ፣ አደገኛው መታጠፊያ ላይ ብቻ ሊያበዙ ቃል ገቡ። ጉድጓዱ ግን ገና አልጠራም። መሬት የጠጣችውን ቶሎ አትመልስም፣ ዓመታት ይወስዳል ተብሏል። ይልቃል አሁን ውሃ የሚጭነው ከከተማ ወደ ተራራ ነው።

ያን ዕለት ከተራራው ስንወርድ ግን የሣህሊቱ ሐሳብ አንድ ብቻ ነበር፤ ለጋሼ ምን ብላ ትንገራቸው? እኔ ዝም አይነቅዝም አልኳት። ውሃውን በስውር ቀይሪ፣ ግፊቱ ሲወርድ ሁሉም ይረሳዋል፣ የእጅሽም ስም ይተርፋል ብዬ መከርኳት። ሣህሊቱ ወደ እኔ ዞረችና "ነገ ሾርባውን ቀምሰው ሲገፉት ምን ልበላቸው? የራሳቸውን ምላስ እንዲጠራጠሩ ላድርግ?" አለችኝ።

በማግስቱ ልዕልትም እኔም ባለንበት ጀሪካኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ሁሉንም ተናገረች። ጨዉ ከመንገዱ መምጣቱን፣ ውሃው ለወራት እንዲህ መሆኑን፣ ራሷ አንድም ጊዜ አለመቅመሷን ሳትደብቅ ነገረቻቸው። ልዕልት ከውሃው ቀመሰች፣ ብርጭቆውን አስቀመጠች፣ ዓይኗ እንባ ሞላ። "ሣሂ፣ አይ አም ሶ ሶሪ" ብላ አቀፈቻትና ሌላ ሰው የማምጣቱ ነገር በዚያው ቀረ። ሁላችንም የጋሼን ፊት እናይ ነበር። እሳቸው ግን ደስ ያላቸው አይመስሉም።

"ታዲያ አንቺ አልነበርሽም?" አሏት።

"አልነበርኩም ጋሼ።"

"እኔ እኮ ሻዩ ጨው ጨው ሲለኝ ገና ከመጀመሪያው አውቄዋለሁ። ሣህሊቱ አዝናልኝ በስውር ጣል ታደርግልኛለች ብዬ ነው። እንዳትያዢብኝ ብዬ ለልጄ ዋሸሁልሽ።"

ይህን ብለው በትራቸውን ይዘው ወደ መኝታ ቤታቸው ገቡ። እኔ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ያ ሁሉ ምርቃት ለጨዉ ብቻ አልነበረም። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ለእሳቸው ብሎ ሕግ የሚጥስ፣ ለእሳቸው ብሎ የሚደፍር ሰው አለ ብለው ያምኑ ነበር፤ ያ ሰው መንገድ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲያ እግራቸው መጉደል ጀመረ፣ ትንፋሻቸው ተመለሰ፣ ሐኪሙ ተደሰተ፤ ሳህኑ ግን እንደ መስከረሙ ተገፍቶ ይመለስ ጀመር። ሣህሊቱ ሎሚ ጨመቀች፣ ተማጸነች፣ ተቆጣች። ጋሼ በትሕትና አመስግነው ወደ ቴሌቪዥኑ ይዞራሉ።

በሳምንቱ መጨረሻ አካባቢ ኮረሪማ ላደርስላት ሄድኩ። ሣህሊቱ የጋሼን ሳህን አቀረበች፤ ከዚያ ሁለተኛ ሳህን አመጣች፣ ከዚያው ድስት ያንኑ ጨው የሌለበት ዶሮ ቀዳችና ከፊት ለፊታቸው ተቀመጠች። ሃምሳው ቀን ስለሆነ የሚያግዳት ጾም የለም። እሳቸው ማንኪያቸውን አላነሱም፤ እሷ አነሳች። አንድ ጎረሰች። ፊቷ ምን እንደሆነ እኔ ልነግራችሁ አልችልም፤ ከርሟል ካለችው ኮረሪማ ሁሉ የባሰ ነገር የገጠማት ፊት ነበር።

ጋሼ ከቴሌቪዥኑ ዞሩ። ምን ሆንሽ አሏት።

"ጋሼ፣ ይሄ ነገር አይበላም" አለች ሣህሊቱ።

ጋሼ አዩዋት። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሳቁ፣ በትራቸው ወድቆ እስኪንከባለል ድረስ ሳቁ። ስንት ወር ሙሉ ይህንኑ ስነግርሽ አልሰማሽኝም እያሉ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። እሷም እየሳቀች ነው፤ ግን ማንኪያዋን አላስቀመጠችም። ሁለተኛ ጎረሰች፣ ሦስተኛ ጎረሰች፣ በእያንዳንዱ ፊቷ ይጨማደዳል። ታዲያ ለምን ትበዪዋለሽ ሲሏት፣ እርስዎ እዚህ ቤት ጨው እስካልበሉ ድረስ እኔም እዚህ ቤት ጨው አልበላም፣ ምሳዬ ከእርስዎ ጋር ነው አለቻቸው።

ጋሼ ሳቃቸውን አቆሙ። ከዚያ ሳህናቸውን ወደራሳቸው ሳቡ፣ ሎሚውን እንዳቀብላቸው ጠየቁኝና መብላት ጀመሩ። የማንኪያ ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው። እኔ ወጥ ቤት ገብቼ ያልቆሸሸ ድስት አጥቤያለሁ፣ ምክንያቱም እንባዬ መጥቶብኝ ነበር።

ስመለስ የጋሼ ሳህን ባዶ ነው። የሣህሊቱ ግን ግማሹ አለ፤ እሷ ማንኪያዋን አስቀምጣ ወደ መስኮቱ ታያለች። ጋሼ ሳህኗን ወደ እሷ ቀስ አድርገው ገፉት።

"በይ ልጄ፣ ስለ እኔ ብለሽ አንዲት ማንኪያ ብቻ" አሏት።